ሽማግሌዎቹን አልለቅም ያለው በር

ወንድሜ ሊያገባት ያሰባትን ልጅ ከቤተሰቧ ለመጠየቅ ሽማግሌ ሲላክ፣ መኪና እንድነዳ የተመረጥኩት በችሎታዬ ሳይሆን ከዘመዶቻችን መካከል መኪና ያለኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው። መኪናዋ ከእኔ በፊት ብዙ ልጆች ባሳደገ ሰው እጅ የቆየች አሮጌ የቤት መኪና ስትሆን፣ የዚያ ሰው ልጆች ሳይታሰቡ በዚህ ታሪክ ውስጥ ስለሚገቡ አንባቢ ከወዲሁ በልቡ ይያዛቸው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ንግግሩን የሚከፍቱት ጎረቤታችን ሐጂ፣ የነፍስ አባታችን፣ እንዲሁም በጅማና በአዲስ አበባ መካከል ያለውን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ቡና ጭነው ሲመላለሱ ኖረው ጡረታ የወጡ አንድ ሹፌር። ጡረተኛው ሹፌር በልማድ ከፊት፣ ሐጂና አባ ከኋላ ተቀመጡ። ጊዜው መስከረም ነበር፤ ሌላው አገር ፀሐይ ሲሞቅ ጅማ ግን ከክረምቱ ጋር ገና አልተሰነባበተችም። ከተማችን በዓመት ከምታገኘው 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ውስጥ ጥቂት የማይባለውን ለዚያች ከሰዓት በኋላ ያስቀመጠችው ይመስል፣ ከሂርማታ ሰፈር ተነስተን ወደ ጅረን ጉብታ የሚወስደውን ዳገት የወጣነው መጥረጊያው መስታወቱን ማጥራት አቅቶት ነው።

የልጅቱ አባት፣ አጎቶቿና አክስቶቿ ጃንጥላ ይዘው በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ሽማግሌዎቹ ቀዩን ጭቃ እንዳይረግጡ መኪናዋን በቀኝ በኩል ወደ ግቢው በር አስጠግቼ አቆምኩና በእኔ በር ጥግ ያለችውን መቆለፊያ ወደ ላይ ሳብኩ፤ እንቢ አለች። በዚህች መኪና አራቱም በሮች የሚታዘዙት ከሹፌሩ በር ስለሆነ አጠንክሬ ስስባት በበሩ ሆድ ውስጥ አንድ ነገር አቃሰተ፤ ከዚያም «ጧ» የሚል ድምፅ ተሰማና ሁሉም ጸጥ አለ። መስኮቶቹን ላወርድ ብሞክር እነሱም አብረው ሞተዋል።

«ችግር የለም፣ እኛ በእኛ በኩል እንወርዳለን» አሉ ሐጂ። የኋላዎቹ መቆለፊያዎች በእጅ ሲሳቡ በእርግጥ ተነሱ፤ ነገር ግን ሐጂ በግራ፣ አባ በቀኝ የውስጡን እጀታ ቢስቡት ቢስቡት በሮቹ ከቁም ነገር አልቆጠሯቸውም። ከፊት ያሉት ጡረተኛው ሹፌር ደግሞ የእሳቸውን ሲስቡ እጀታው ያለ አንዳች ተቃውሞ ተከትሏቸው መጣና ተንጠልጥሎ ቀረ።

እዚህ ላይ የጡረተኛው ሹፌር ፊት በራ። የመጣንበትን ጉዳይ ረስተው፣ ሙያቸው በድንገት ወደተፈለገበት ዘመን ተመለሱ። «ስማኝ ልጄ» አሉኝ፤ «አንድ በር ብቻ እንቢ ካለ ሕመሙ በዚያው በር ውስጥ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝም ካሉ ፊውዝ ነው። መቆለፊያው ተነስቶ በሩ ካልተከፈተ ደግሞ ኤሌክትሪኩን አትጠርጥር፤ ገመዱን ወይም ዘንጉን ጠርጥር።»

«የእኛስ የትኛው ነው?» አሉ ሐጂ ከኋላ።

«ሦስቱም ነው።»

ከመሪው በታች ያለውን የፊውዝ ሳጥን ከፍተን በስልክ መብራት ብናይ፣ የበሩንም የመስኮቱንም ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው አረንጓዴው ባለ 30 አምፔር ተቃጥሏል። የዚያ ትርፍ አልነበረንም። የራዲዮኑን ሰማያዊ ባለ 15 አምፔር ነቅለን በምትኩ ስንሰካው የእኔ መስኮት ሁለት ጣት ያህል ወረደና ያም ተቃጠለ። ቀዳዳው ለመውጫም ለመነጋገሪያም ሳይሆን ለዝናቡ መግቢያ ብቻ በቃ፤ የመጣውም ቀጥታ ለዚያ ቀን ብዬ ባስተኮስኩት ኮት ላይ ነበር። ጡረተኛው ሹፌር የኋላውን ወንበር ፈትተን በዕቃ መጫኛው በኩል ብንሞክር የሚል ሐሳብ አመጡ። ሐጂ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «እኔ በዕቃ መጫኛ ወጥቼ የሰው ልጅ ልጠይቅ?» አሉ፤ ሐሳቡም በዚያው ቀረ።

በሩ ከውጭ ቢሞከር ሊከፈት እንደሚችል ለሰዎቹ በምልክት ማስረዳት ነበረብን። አባ መስቀላቸውን አውጥተው መስታወቱን በጫፉ መታ መታ እያደረጉ ወደ ውጭው እጀታ አመለከቱ። አክስቶቿ ቡራኬ መስሏቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ፤ አባ ደግመው ሲያመለክቱ እነሱም ደግመው ጎንበስ አሉ። ሐጂ ተስፋ ቆርጠው ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ሲዘረጉ ደግሞ አንዱ አጎት «አሜን» ማለቱን ከከንፈሩ አነበብን። ከዚያ የአራት ሰው ትንፋሽ መስታወቱን አደበዘዘውና ምልክቱም ቀረ።

ውጭ የሆነውን የሰማነው በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ ደጃፍ ደርሰው አንወርድም ማለታቸው ቤተሰቡን አስጨንቋል። ምን አጎደልን ተባባሉ። አንዱ አጎት የአቀባበሉ ነገር ሳያስከፋቸው አልቀረም ብሎ፣ ለሳሎኑ የተዘጋጀው ቄጠማ ወጥቶ ከግቢው በር እስከ መኪናዋ ጎማ ድረስ በዝናብ ውስጥ ተጎዘጎዘ። እኛ ከውስጥ በጉም መካከል አረንጓዴ ነገር እየቀረበን ሲመጣ ብናይም ምን እንደሆነ አልገባንም። አባ ብቻ «የበዓል ሽታ ሸተተኝ» አሉ።

ጡረተኛው ሹፌር በበኩላቸው ከጉብታው ላይ ስላለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ማንሳት ጀመሩ፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ያሠሩት የእንጨት ቤት እስከ ዛሬ ሰው ገብቶ እየጎበኘው እንደሚወጣ፣ የእኔ የብረት ቤት ግን ማስገባት እንጂ ማስወጣት እንዳልተማረ በሰፊው አብራሩ። ትችቱ ፍትሐዊ ቢሆንም ጊዜው አልነበረም።

የልጅቱን አባት ስልክ ማንም ስላልያዘ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። «እሺ አሉ?» አለኝ ገና ሳያነሳው። ከመኪና እንዳልወረድን ስነግረው ስልኩን ዘግቶ ልጅቱ ጋ ደወለ። በሥርዓቱ ልጅቱ በዚያ ሰዓት ጓዳ ገብታ ምንም እንደማታውቅ መሆን ይገባት ነበር፤ እሷ ግን ቡና የምትቆላበትን ማንኪያ እንደያዘች ወደ ግቢው ወጥታ «አባዬ፣ ከውስጥ አይከፈትም፤ ከውጭ ክፈቱላቸው!» ብላ ጮኸች።

አባቷ ዞር ብለው «ማን ነገረሽ?» አሏት። መልስ ሳይሰጥ የታለፈ ጥያቄ ነው።

አባትየው በቄጠማው ላይ ተራምደው መጥተው የኋላውን ቀኝ በር ከውጭ በአንድ ጣት ከፈቱት። አባ ወረዱ፣ ሐጂ ተከተሉ፤ ጡረተኛው ሹፌርም በራቸው ከውጭ ሲከፈትላቸው በድል አድራጊነት ወጡ። እኔ በማርሹ ላይ ተሻግሬ በመጨረሻ ስወጣ የኮቴ ግራ ትከሻ ውኃ ጠጥቶ ቀኙ ደረቅ ነበር።

ሳሎን እንደገባን ተቀመጡ ተባለ። ሐጂ ደንቡን ጠብቀው፣ ድምፃቸውን አክብደው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። የልጅቱ አባት ፈገግታቸውን ለመዋጥ እየታገሉ «እስካሁን ደጃፋችን ላይ ተቀምጣችሁ አይደል እንዴ የቆያችሁት?» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፤ ሐጂም ሳይወዱ ሳቁ። እንደ ወጉ መልሱ በቀጠሮ ተላለፈ።

በማግስቱ መካኒኩ የእኔን በር የውስጥ ልባስ ሲፈታ ከበሩ ውስጥ ውኃ ተንዠቀዠቀ። በመስኮቱ ጎማ በኩል የሚሰርገው ዝናብ በበሩ ታችኛ ጠርዝ ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች መውጣት ሲገባው፣ ቀዳዳዎቹን የጅማ ቀይ ጭቃ ደፍኗቸዋል። ውኃው ሲነሳ የበሩን ማነቂያ፣ ማለትም በሩን ዘግቶ የሚይዘውን ብረት፣ እና የመቆለፊያውን ትንሽ ሞተር አዝጓቸው ኖሯል፤ ሞተሩ ተይዞ መዞር ሲያቅተው ብዙ ኤሌክትሪክ ስቦ ፊውዙን አቃጠለው። የጡረተኛው ሹፌር በር ገመዱ ከእጀታው ወልቆ ነበር። የኋላዎቹ ሁለቱ ግን ፍጹም ጤነኞች ናቸው። መካኒኩ በሮቹን ከፍቶ በጠርዛቸው ላይ፣ ከማነቂያው አጠገብ፣ በሩ ሲዘጋ የማትታይ ትንሽ ማንሻ አሳየኝ፤ ቻይልድ ሎክ የሚሉት ነው። የቀድሞው ባለቤት ልጆቹ በጉዞ ላይ በር እንዳይከፍቱ ቆልፎት፣ እንደቆለፈው ሸጠልኝ። ከፊት ተቀምጬ የምነዳ ሰው ስለሆንኩ ከኋላ ወንበር ሆኜ በር የምከፍትበት ምክንያት ኖሮኝ አያውቅም። ሐጂ ይህን ሲሰሙ «ለሕፃን የተሠራ ነው የያዘን?» ብለው ብዙ ሰዓት አልተናገሩም።

ቀዳዳዎቹ በሽቦ ተጠረጉ፣ ማነቂያው ዘይት ጠጣ፣ ሞተሩ ተቀየረ፣ አረንጓዴው ፊውዝም በቦታው ተተካ፤ ሁለት ትርፍ ገዝቼ በኪሴ ያዝኩ። በቀጠሮው ቀን መኪናዋን አጥቤ ሐጂ ቤት ስደርስ ሦስቱም ደጅ ቆመው ባጃጅ ሲጠብቁ አገኘኋቸው። አራቱንም በሮች ከውስጥም ከውጭም ከፍቼ ባሳያቸውም አልተመለሱልኝም። ባጃጁ መጣ፤ ዝናብ ስለነበር በጎንና በጎኑ ሸራ ወርዶበታል። ሐጂ አንድ እግራቸውን ካስገቡ በኋላ ቆም ብለው ሸራውን በጣታቸው ጎተት አደረጉና፣ ወጣቱን ሹፌር ቻይልድ ሎክ ይኖረው እንደሆነ ጠየቁት።