«ቢን» ከቡና አልመጣችም

ጅማ ላይ የቡና ወረቀት ከእንግሊዝኛ ለሚመልስ ሰው፣ «ቢን» (bean) ከምትባለው የእንግሊዝኛ ቃል የበለጠ አታላይ የለም። አጭር ናት፤ ሁሉም የሚያውቃት ይመስለዋል። ያም ብቻ አይደለም፤ «ቡን፣ ቡና፣ ቢን፤ ከእኛው ወስደው ነው» የሚል በየቡናው ሥርዓት አይጠፋም። እኔም ደስ እያለኝ አምኜው ነበር።

ስመረምር የጀመርኩት ከዘመኑ ነው። ቃሉ በጥንታዊው እንግሊዝኛ፣ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን በፊት ተጽፎ ይገኛል። የቡና ወሬ እንግሊዝ የደረሰው ግን በ1600 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ነው። ክርክሩ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ለማረጋገጥ ያህል ዘመዶቹን አየሁ፦ ጀርመንኛው «ቦነ»፣ ደቹ «ቦን»፣ አይስላንድኛው «ባውን» ይላል። ቃሉ ከጀርማኒክ የቋንቋ ቤተሰብ ነው። የእኛው «ቡን» አውሮፓ አልደረሰም ማለት አይደለም፤ ጀርመናዊው ሐኪም ራውቮልፍ በ1582 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ፍሬውን «ቡኑ» ብሎታል። «ኮፊ» ደግሞ በሌላ መንገድ፣ ከዐረብኛው «ቀህዋ» በቱርክኛና በደች በኩል የገባ ነው።

ጥንት «ቢን» ማለት ባቄላ ነበር። ዛሬ «ቢን» የሚባለው ቦሎቄ ግን የአሜሪካ ተክል ስለሆነ አውሮፓ የገባው ከ1492 በኋላ ነው። ስለዚህ በሕዝቅኤል 4፥9 የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ባቄላ» ማለቱ ልክ ነው፤ እዚያ ላይ «ቦሎቄ» የሚል ተርጓሚ ዘመን ያፋልሳል።

የቡናው ዘር «ቢን» የተባለው በመልኩ ነው እንጂ ከጥራጥሬ ወገን ሆኖ አይደለም። አንዱ ፍሬ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዘር ፊት ለፊት ይተኛል። መጀመሪያ «ኮፊ ቢን»ን «የቡና ፍሬ» ብዬ ጻፍኩ፤ ይህ ስህተት ነበር። «ፍሬ» ዛፉ ላይ ያለውንም፣ የተፈለፈለውንም ይሸፍናልና ገበሬውና ነጋዴው የተለያየ ነገር ይረዳሉ። አሁን እንዲህ እለያለሁ፦ ቀዩ ፍሬ እሸት ቡና፣ ከነልጣጩ የደረቀው ጀንፈል፣ ተፈልፍሎ ያልተቆላው ጥሬ ቡና፣ ከዚያ የተቆላ ቡና። «ቢን» የሚገባው ለመጨረሻዎቹ ሁለት ብቻ ነው።

«ግሪን ቢን» ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ወጥ ቤት ውስጥ ፎሶሊያ ነው፤ ቡና ንግድ ላይ ጥሬ ቡና። «ግሪን» እዚህ ያልበሰለ ፍሬ ማለት አይደለም፣ ያልተቆላ ማለት ነው። «ብላክ ቢን»ም ለምግብ አብሳዩ ጥቁር ቦሎቄ፣ ለቡና ቀማሹ ግን የጠቆረ፣ ከደረጃ የሚያወርድ ዘር ነው። መለያው ጎረቤት ቃላት ናቸው፤ እርጥበት፣ ወንፊት፣ 60 ኪሎ ጆንያ ካሉ ስለ ቡና ነው።

ፈሊጦቹን ቃል በቃል አትንኩ። «ስፒል ዘ ቢንስ» ባቄላ መድፋት ሳይሆን ምስጢር ማውጣት ነው፤ «ፉል ኦፍ ቢንስ» ጉልበቱ የሚፈላ ሰው፤ «ቢን ካውንተር» ደግሞ ለሂሳብ ሠራተኛ የሚሰጥ የንቀት ስም ስለሆነ፣ ደብዳቤ ላይ ባትጽፉት ይሻላል።

ሲነገር «ቢ»ን ሳብ አድርጉት። አማርኛችን አናባቢን በርዝመት አይለይምና አሳጥረን እንለዋለን፤ ያኔ የእንግሊዝ ገዢ የሚሰማው የቆሻሻ መጣያ ነው።