ኪቴንጌላ፦ «ይህ መሬት አይሸጥም»

ከናይሮቢ ወደ ደቡብ ሲወጡ አጥር ላይም ግንብ ላይም ደጋግሞ የሚያጋጥም ጽሑፍ አለ። «ይህ መሬት አይሸጥም» ይላል። የማይሸጥ ነገር ማን ያስተዋውቃል? አብሮኝ የነበረው ወዳጄ ቀያሽ ነው፤ ሥራው መሬት መለካት ስለሆነ ጥያቄዬ አሳቀው። ባለቤቱ ዞር ሲል አጭበርባሪ የውሸት ካርታ ይዞ ይመጣል አለኝ። ገዢ ያስጎበኛል፣ ቀብድ ይቀበላል፣ ይሰወራል። ባለቤቱ ሲመለስ የማያውቀው ሰው መሠረት ሲያስቆፍር ያገኘዋል።

የተሳፈርንበት ማታቱ፣ ማለትም የእነሱ ታክሲ፣ በሞምባሳ መንገድ ወጥቶ የጭነት መኪና የተኮለኮለባትን ምሎሎንጎን አለፈ። አቲ ሪቨር ከተማ ላይ ወደ ናማንጋ መንገድ ታጠፈ። ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ።

ኪቴንጌላ ከናይሮቢ መሀል 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ያለችው ካጂያዶ ካውንቲ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ቆጠራ ከ150 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራት። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው የኬንያ ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።) ፎቁ፣ ባንኩ፣ የግል ትምህርት ቤቱ፣ የብረት በር የሚበየድበት ሱቅ ተደርድሯል። ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ሲሉ ግን በሁለት ፎቆች መካከል ከብት ይግጣል። እረኛው ቀይ ጨርቁን ተከናንቦ ስልክ ያወራል።

ይህ ሁሉ የከብት አርቢዎቹ የማሳዮች ግጦሽ ነበር። በ1968 የወጣ ሕግ አርቢዎቹ መሬቱን በቡድን ስም እንዲያስመዘግቡ ፈቀደ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የኪቴንጌላው ቡድን መሬቱን ለአባላቱ አከፋፈለ። ሁሉም የየራሱን ካርታ ያዘ። ልክ በዚያው ሰሞን፣ በ1990፣ አቲ ሪቨር ላይ ለውጭ ገበያ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ዞን ተቋቋመ። ሠራተኛ መጣ፣ ሠራተኛው ቤት ፈለገ፣ ደላላ ደግሞ ፈላጊ ባለበት አይጠፋም። መሬቱ 50 በ100 ጫማ እየተሸነሸነ ይሸጥ ጀመር። ከ500 ካሬ ትንሽ ያነሰ ነው።

በመንገዳችን ያገኘናቸው አንድ አዛውንት አንዱን ቁራሽ ለልጅ ትምህርት፣ ሌላውን ለሕክምና እንደሸጡ ነገሩን። ወዳጄ እየተረጎመልኝ ነው የሰማኋቸው። አሁን የሚከሷቸው የገዛ ልጆቻቸው ናቸው። «ሳናውቅ ተሸጠ» ይላሉ ልጆቹ። የቡድን አባል ሆኖ የተመዘገበው በአብዛኛው አባወራው ብቻ ነበርና ሚስትና ልጅ ካርታው ላይ የሉም። የእርሻ መሬት ሲሸጥ የአካባቢው የመሬት ቁጥጥር ቦርድ ይሁን ማለት አለበት፤ ሚስት ቀርባ መስማማቷን እንድትናገር የሚጠየቀውም እዚያ ነው። ወዳጄ ግን ሌላ ሴት «ሚስቴ ናት» ብሎ ይዞ የቀረበ ሰው ታሪክ አጫወተኝ። ሳቅን፤ ነገሩ የሚያስቅ ግን አይደለም።

ሌላው ተጎጂ የዱር እንስሳው ነው፤ እሱ ከሳሽ አይሆንም። የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ በሦስት በኩል ታጥሯል፣ በደቡብ በኩል ግን ክፍት ነው። የሜዳ አህያውና ዋይልድቢስት የሚሉት ቀንዳም የዱር እንስሳ ዝናብ ተከትሎ ወደ ኪቴንጌላ ግጦሽ የሚወጣው በዚያ በኩል ነበር። በ2000 አንድ ፕሮግራም ተጀመረ። መሬቱን ላላጠረና ላልሸጠ አርቢ ለአንድ ኤከር በዓመት 4 ዶላር ገደማ ይከፈለው ነበር። አስቡት፣ ያው አንድ ኤከር ስምንት የቤት ቦታ ይወጣዋል! አጥሩ እንዳሸነፈ በዓይኔ አየሁ።

እኛ አገር በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። «የግል ቢሆን ኖሮ ጭቅጭቁ በቀረ» የሚል ወዳጅ የሌለው ያለ አይመስለኝም። ኪቴንጌላ ላይ የግል ነው፤ ጭቅጭቁም አለ። የእኛ ገበሬ በካሳ ጉዳይ ከመንግሥት ጋር ይከራከራል፣ የእነሱ አርቢ ከልጁና ከገዢው ጋር። ግጦሽም ይሁን እርሻ ወደ ቤት መሥሪያ የሚቀየርበት አንድ ቀን አለ፤ ዋጋው የሚዘለው ያን ቀን ነው። ቀኑን ቀድሞ ያወቀ ይከብራል፣ ባለመሬቱ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ይሰማል። በእኔ ግምት ጠቡ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው፤ የባለቤትነቱ ዓይነት የሚወስነው ከማን ጋር እንደምንጣላ ነው።

ካርታ መያዝም ዋስትና አይደለም። ሞምባሳ ውስጥ ክፍት የሕዝብ ቦታ የነበረ የባሕር ዳር መሬት በ1989 ለፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ ተሰጥቶ፣ ከዚያ ተሸጦ፣ ኋላ አንድ ኩባንያ እጅ ገባ። በ2023 የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው አሰጣጥ ሕገ ወጥ ከሆነ የኋላው ገዢ ካርታ አያድነውም ብሎ ወሰነ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ አቲ ሪቨር አጠገብ የአንድ ሲሚንቶ ኩባንያ ነው በተባለ መሬት ላይ የተሠሩ ቤቶች ከፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ በዶዘር ፈረሱ። ብዙዎቹ ገንዘብ ከፍለው የገዙ ሰዎች ነበሩ።

ወዳጄ ከዚያ ወዲህ ደንበኞቹ የሚጠይቁት ጥያቄ ተቀይሯል ይላል። ድሮ «ካርታ አለው?» ነበር። ዛሬ «ከዚያ በፊት የማን ነበር? ከዚያስ በፊት?» ሆኗል። ለእሱ ሥራ በዝቶለታል፣ አላማረረም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ኢሲንያ ቀጠልን። እዚያ ገና ሜዳ ነው። ቢሆንም ችካሉ ተተክሏል፣ በገመድ የተከለሉ ቁራሾችም አሉ፣ የሻጭ ድርጅቶች ሰሌዳ ስልክ ቁጥር ይዞ ቆሟል። «አይሸጥም» የሚለው ጽሑፍ ኢሲንያ አልደረሰም። ወዳጄ ሁለት ዓመት ሰጥቶታል።