እማዬን ማን ጠየቃት?

ዛሬ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደወለ። ገና ሰላም ሳንባባል «በ74 ዓመቷ ጭንቅላቷን ልታስከፍቱ ነው?» አለኝ። አልተቆጣሁትም፤ ፍርሃቱ የእኔም ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ የዋለው ግን ሌላ ነገር ነው። ሁላችንም ስለ እማዬ እንከራከራለን እንጂ እማዬን የጠየቃት የለም።

ነገሩ የታወቀው በእንዝርቷ ነው። ስትፈትል ክሩ ይበጠስባት ጀመር፤ ቀኝ እጇ ዛለ። ጎረቤቱ «እርጅና ነው» አለ፣ አንዳንዱም «ስትሮክ ነው» አለ። የአንጎሏን ምስል የሚያነሳው ኤምአርአይ ያሳየው ግን ሜኒንጂዮማ የሚባል ዕጢ ነው። ከአንጎል ሽፋን ይነሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ሰው ሲያረጅ አንጎሉ ትንሽ ይሟሽሽና ራስ ቅሉ ውስጥ ክፍተት ይፈጠራል። ስለዚህ ዕጢው ራስ ምታት እንኳ ሳያመጣ ሊተልቅ ይችላል። ምልክቱ ሲመጣም እጅ መድከም፣ መርሳት፣ መንገዳገድ ነው። እርጅና ነው ቢባል አይገርምም።

ትንሽና ምልክት የሌለው ቢሆን ኖሮ በየጊዜው ኤምአርአይ እየተነሳች መጠበቅ ይቻል ነበር። ክፉው የአንጎል ካንሰር፣ ግሊዮብላስቶማ ቢሆን ደግሞ ቀዶ ሕክምናው ዕድሜ ቢጨምር እንጂ አያድናትም ነበር። የእሷ ከሁለቱም ይለያል። በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል፣ እጇ ግን እየደከመ ነው።

ሐኪሙ ስለ ዕድሜዋ ብዙም አላወራም። የጠየቀን ሌላ ነው። ከሕመሙ በፊት ብቻዋን ትራመድ ነበር? ራሷን ታጥባ ትለብሳለች? ክብደት ቀንሳለች? ልቧ፣ ሳንባዋ፣ ኩላሊቷ እንዴት ነው? ስኳሯስ? ልክ ነው። በ80 ዓመታቸው ጠንካራ የሆኑ አሉ፤ በ65 የደከሙም አሉ።

አደጋውንም አልደበቀንም። ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን፣ የሚጥል መንቀጥቀጥ፣ እግር ላይ የሚረጋ ደም፣ የሳንባ ምች። እጇ ከበፊቱ ሊብስም ይችላል። እኔን ያስፈራኝ ግን ከማደንዘዣው በኋላ የሚመጣው መቃዠት ነው። በዕድሜ የገፉ ሕሙማን ላይ ይበዛል። ሌሊት ይጮኻሉ፣ የሌለ ነገር ያያሉ፣ ልጃቸውንም ላያውቁ ይችላሉ። አብዛኛው ያልፋል፤ እንደ ድሮው የማይመለስም አለ። መነጽሯን ማድረግ፣ ቀን ብርሃን ማየት፣ ሌሊት መተኛት፣ ቶሎ ከአልጋ መነሳትና የምታውቀውን ድምፅ መስማት ይረዳታል። ለእኔ ይህ ከመድኃኒቱ አያንስም።

ዴክሳሜታዞን የሚባለው እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ሲጀመርላት ደግሞ እጇ ተሻለ። «ዳንኩ» ብላ ተደሰተች። የቀነሰው ግን በዕጢው ዙሪያ ያለው እብጠት ነው፤ ዕጢው እዚያው ነው። የደም ስኳሯም ከፍ አለ። ይህን ማስረዳት ከሁሉ ከበደኝ።

ማታ አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ምንም አላስቀረሁም። ዝም ብላ ሰማችኝና ጠየቀች፦ «ከዚያ በኋላ ጊዮርጊስ በእግሬ እሄዳለሁ? ሽንት ቤትስ ማን ይወስደኛል? እናንተን ካላወቅኋችሁ መዳኑ ምን ይረባኛል?» አንዳችን እንኳ እነዚህን ጥያቄዎች ለሐኪሙ አላነሳንም ነበር።

ከዚያ «ጸበሌንም እጠጣለሁ፣ ሐኪሙንም እሰማለሁ። እጄ ሙሉ በሙሉ ሳይሞት ይውጣልኝ» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ፦ «ግን ሰው ካልሆንኩ በማሽን አታስተኙኝ። ይህን ለወንድምሽ ንገሪው፤ እሱ አይሰማኝም።»

ለወንድሜ ደወልኩለት። ልቡ አሁንም አልረጋም፤ ቅዳሜ ባሕር ዳር ይመጣል። እስከዚያ ስኳሯን በየቀኑ እየለካሁ እጽፋለሁ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት አስፕሪኗን መቼ ማቆም እንዳለባት ሐኪሙን እጠይቃለሁ፤ በራሳችን አናቆምም። የእሷን ሦስት ጥያቄዎችም በወረቀት ጽፌያቸዋለሁ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ራሷ ትጠይቀዋለች፤ ወንድሜም ቁጭ ብሎ ይሰማታል።