እውነተኛው ቦሎ የሚሰጠው ሐረጎ ላይ ነው

መኪናዬ ከእኔ በሁለት ዓመት ትበልጣለች። ነጭ ቶዮታ ዲኤክስ ነች። ነጭ ነበረች ልበል፤ አሁን ቀለሟ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። ከእኔ በፊት የነበሩትን ባለቤቶቿን ሊብሬው ላይ ስቆጥር ስድስት ደረስኩ። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ፣ መሀል ላይ ደግሞ የሐረጎ ዳገት። ሰው ሁሉ "በዚች ጣሳ እንዴት ትመላለሳለህ?" ይለኛል። እኔም አንዳንዴ ራሴን እጠይቃለሁ።

መንገዱን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ እሱም ጥምዝምዝ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት 650 ሜትር ያህል እወርዳለሁ፣ ማታ ያንኑ እወጣለሁ። ጠዋት የሚሰቃየው ፍሬን፣ ማታ የሚሰቃየው ራዲያተር ነው። መኪናዬ በዓመት አንዴ ተመርምራ ቦሎ ይለጠፍላታል፣ ሐረጎ ግን በቀን ሁለቴ ይመረምራታል። ኪሴ ውስጥ ያለችው ትንሽ ብር መጀመሪያ የት መሄድ እንዳለባት ያስተማረኝም እሱ ነው፤ ያስተማረኝ ግን አስከፍሎ ነው።

ከገዛኋት ጥቂት ወራት በኋላ ነው። ማታ ስመለስ፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ስደርስ የሙቀቱ መርፌ ቀዩን ይነካል። ዳር አቁሜ ኮፈኑን እከፍታለሁ፣ እንፋሎቱ ይጨሳል፣ የሚያልፉት ሚኒባሶች ጡሩምባ ይነፉልኛል፣ እኔ ጀሪካኔን ይዤ እስኪበርድ እጠብቃለሁ። (ትኩስ ራዲያተር በፍጹም እንዳትከፍቱ። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን ራስ፣ ይሰነጥቃል።) አንድ ሳምንት እንዲህ ሆነ። ከዚያ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። "ቴስታታው ጠሟል፣ መውረድ አለበት" አሉኝ። ወረደ፣ ተላገ፣ ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) ተቀየረ፣ ከወር ደሞዜ የተረፈኝ የዳቦ ብቻ ነበር። በማግስቱ ማታ ሐረጎ ላይ እንደገና ፈላች። እዚያው ቦታ፣ ያው ኩርባ! ያን ቀን ጀሪካኑ ላይ ቁጭ ብዬ ሳልሳደብ አልቀረሁም።

ከዚያ ነው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ የሄድኩት። ደሴ ውስጥ ከግቢያቸው በር ላይ ምልክት እንኳ የላቸውም፣ የሚያውቃቸው ብቻ ነው የሚያገኛቸው። ሁሉን ነገር ነገርኳቸው። ሞተሩን አላስነሱም፣ ቁልፍም አላነሱም።

"እስቲ ክዳኑን አምጣው" አሉኝ።

"የምኑን ጋሼ?"

"የራዲያተሩን ነዋ።"

አገላብጠው አዩት። ከታች ያለውን ጎማ በጥፍራቸው ነካ ሲያደርጉት እንደ ደረቅ እንጀራ ተፈረፈረ። "ይሄ ክዳን አይደለም፣ ባርኔጣ ነው። አብሽር፣ መኪናህ ደህና ነች" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፣ በ92 አካባቢ ነው፤ ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ። ባቄላ እዚህ ቶሎ የማይበስለው ለዚህ ነው። የመኪና ሞተር ደግሞ በደህናው ቀን ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ይሠራል። ዳገት ላይ ትንሽ ከጨመረ አበቃ፣ ፈላ። ክዳኑ ላይ ያለው ሞላ ሥራው ውሃውን ማፈን ነው፣ ልክ እንደ ፕሬሸር ኩከር። የእኔው ላይ 0.9 የሚል ተጽፎበታል፤ በትክክል የሚያፍን ከሆነ ውሃው ደሴ ላይም ቢሆን 110 ዲግሪ ሳያልፍ አይፈላም። ጎማው ከደረቀ ግን ክዳን የለህም ማለት ነው። አዲሱን ክዳን በሁለት ሰው ምሳ ዋጋ ገዛሁት። በዚያ ማታ መርፌው መሀል ላይ ቆሞ ሐረጎን ወጣሁ፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር እስክደርስ ዓይኔን ከመርፌው ላይ አልነቀልኩም።

ጋራዡን ብዙም አልወቅስም። እኔም "ስንት ነው?" ብዬ እንጂ "ለምን?" ብዬ አልጠየቅኳቸውም። አሁን አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሲያማክረኝ መጀመሪያ ርካሹን ፈትሽ እለዋለሁ፤ ክዳን፣ ቺንጋ (ቀበቶው)፣ የራዲያተር ጎማዎች፣ ቬንትሌተር (ማራገቢያው)። ቴስታታ የመጨረሻው ነው። የውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት አውጥተው የሚጥሉ መካኒኮችም አሉ፣ "ለአገራችን አያስፈልግም" ይላሉ። ለደሴ ብርድማ ያስፈልጋል! ያለሱ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል። ውሃውን በተመለከተ ኩላንት መግዛት ካልቻላችሁ ቢያንስ የዝናብ ውሃ አጠራቅሙ፣ የቧንቧው ውስጡን ድንጋይ ያስይዘዋል። ደሴ ላይ ዝናብ አጣሁ የሚል ሰው ደግሞ አላየሁም። ዳገት ላይ መርፌው መውጣት ከጀመረ የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱት፣ ሙቀቱን ከሞተሩ ይስበዋል። ሚስቴ ከዚህ የተነሳ ከእኔ ጋር ማታ መጓዝ ትታለች።

አሁን ወደ ጠዋቱ። ቁልቁለት ላይ የምሄደው በሁለተኛ ማርሽ ነው። የሚከተለኝ ሰው ይናደዳል፣ ይናደድ። በ2017 ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ በዜሮ ማርሽ የሚንሸራተተው ሰው በዝቷል፣ ጭራሽ ሞተር የሚያጠፉም አሉ። ፍሬናችሁን ቀላል የሚያደርገው ከሞተሩ የሚመጣ የአየር ስበት ነው። ሞተር ካጠፋችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ስትረግጡ ያልቃል፣ ከዚያ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። የት? ሐረጎ ኩርባ ላይ። የተረፈው ቤንዚን ለቀብር ማስፈጸሚያ እንኳ አይበቃም።

ሌላው ሰው የሚረሳው የፍሬን ዘይት ነው። የፍሬን ሸራ ያልቃል፣ ይሰማል፣ ይጮኻል። ዘይቱ ግን ዝም ብሎ እርጥበት እየመጠጠ ይቀመጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን የሚፈላው በ205 ዲግሪ ነው፣ እርጥበት ከጠገበ በ140 ገደማ። ቁልቁለቱን ፍሬን ረግጣችሁ ከወረዳችሁ እዚያ መድረስ ቀላል ነው። ሲፈላ መስመሩ ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፣ እግራችሁ ባዶ ይረግጣል። እኔ አንድ ጠዋት ቀምሼዋለሁ፣ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሆነብኝ፣ በእጅ ፍሬንና በአንደኛ ማርሽ ነው ያቆምኳት። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ዓመቱ አስቀይራለሁ። ዋጋው ከአንድ ጎማ ሩቡን አይሆንም።

ሌላው ሁሉ ወረፋ ይጠብቃል። የግራ የኋላ በር የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው። ሬዲዮ የለም። ፓራፋንጎው አንድ ባጃጅ ገጭቶት ተጣሟል፣ እንደተጣመመ ነው። የዝናብ መጥረጊያና መብራት ላይ ግን ቀልድ የለም፣ ክረምት ላይ ሐረጎ ጉም ውስጥ ሲገባ ከፊትህ ያለው አይሱዙ የሚታይህ ልትገጨው ስትል ነው።

ካንዴላዎቹን (ለሞተሩ ብልጭታ የሚሰጡትን) በየሁለት ወሩ ፈትቼ አያለሁ፣ ይሄን ማንም ይችላል። ከሰል ከመሰሉ ቤንዚን እየበዛ ነው። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው፣ ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ካርቡራቶር ደግሞ ይህን አያውቅም፣ ለቆላ የተቃኘ ከሆነ እዚህ ሲወጣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። አስተካካዩ የኮምቦልቻ ሰው ከሆነ የደሴውን ዳገት ንገሩት።

መለዋወጫ ራስ ምታት ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ የጠየቅሁት ዕቃ ሁሉ ዋጋው ጨምሮ ነው ያገኘሁት። እዚህ ያጣሁትን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚሠራ የአክስቴ ልጅ ፈልጎ በአውቶብስ ይልክልኛል። አሮጌ ኦሪጅናልና አዲስ ፎርጂድ ከቀረቡልኝ አሮጌውን እመርጣለሁ፣ ከጎማና ከፍሬን በስተቀር። ያገለገለ ጎማ ጥርሱ ስላለ ብቻ አትግዙ። ጎኑ ላይ አራት ቁጥር ይፈልጉ፤ 2312 ካለ በፈረንጆች 2012 ዓመት 23ኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ነው፣ ጥርሱ ቢያምርም ጎማው ሸምግሏል።

ብሩ ከየት ይመጣል? እቁብ። እንደኔው አሮጌ መኪና ካላቸው አራት ሰዎች ጋር ለመኪና ብቻ የሚሆን ትንሽ እቁብ አለን። አንድ ደንብ አለው፣ ዕጣው የወጣለት ሰው ብሩን ያደረገበትን ዕቃ አምጥቶ ያሳያል። አንዱ ባለፈው ዙር አዲስ ሶፋ አሳየን፣ እስካሁን እንስቅበታለን።

በ2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ "ኤሌክትሪክ ግዛ" የሚሉኝ በዝተዋል። እሺ፣ ብሩን አምጡ።

በዚህ ሳምንት መኪናዬ ቆማለች። የኋላ ግራ ጎማ ከውስጥ በኩል የፍሬን ዘይት ያለቅሳል፣ ጎሚኒው (ዘይቱን የሚያፍነው ጎማ) ሄዷል። ዕቃው ቅዳሜ ይደርሳል ተብያለሁ፣ እስከዚያ በሚኒባስ ነው የምመላለሰው። ዛሬ ጠዋት ሹፌሩ ሐረጎን በዜሮ ለቀቃት፣ ከታች የሸራ ሽታ ወደ ላይ ይመጣል፣ ተሳፋሪው ያንቀላፋል። "ወንድሜ፣ ማርሽ አስገባ" ስለው በመስታወቱ አየኝና "አብሽር" አለኝ። ኮምቦልቻ እስክንደርስ ቀኝ እግሬ የሚኒባሱን ወለል ሲረግጥ ነበር።