በደረቅ አበሳ

ዛሬ ሆዴ ባር ባር ሲለው ነው የዋለው። ምክንያቱን ብጠየቅ ይህ ነው ማለት አልችልም። እሷ ጋ ደወልኩ፤ ድምጿ ደህና ነው። ትንሽ እህል ቀምሳለች። እጇ ግን እንደዚያው ነው፤ ለካንሰሩ የምትወስደው መድኃኒት፣ የኬሞ መርፌው፣ የሚገባበት ደም ስር ጠቁሮ፣ ሲነኩት ገመድ ሆኗል። ስታወራ ስታወራ፣ «መድኃኒቱ እኮ እሱንም እኔንም አንድ ላይ ነው የሚመታን» አለች። ከዚያ ወዲያው ሌላ ወሬ ጀመረች።

እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። በደረቅ አበሳ እርጥብ ይቃጠላል የሚባለው ይኼው አይደል? ደረቁን ብቻ ለይቶ የሚያቃጥል እሳት ቢኖርስ?

ያንን ካንሰርን በወርቅ ቅንጣት የማከም ነገር እንደገና ማንበብ የጀመርኩት ለዚህ ነው። ወርቅ በጣም ሲደቅ መልኩ ይለወጣል። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1857 የጻፈው ስለዚሁ ነው፤ ፈሳሽ ውስጥ የተበተነ ደቃቅ ወርቅ ደማቅ ቀይ ይሆናል። ቅንጣቶቹ የሚለኩት በናኖሜትር ነው፤ የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ማለት ነው። ብርሃን ሲያርፍባቸው ኤሌክትሮኖቻቸው አብረው ይወዛወዛሉ። ብርሃኑን ይውጡና ሙቀት አድርገው ይተፉታል።

የትኛውን ብርሃን እንደሚውጡ የሚወስነው መጠናቸውና ቅርጻቸው ነው። ድቡልቡሎቹ አረንጓዴውን ይውጣሉ፤ እሱ ደግሞ ሥጋ ውስጥ ብዙ አይዘልቅም። ቅንጣቱን እንደ ዘንግ ካስረዘሙት ወይም የሲሊካ (መስታወት የሚሠራበት ነገር) እምብርት ላይ ወርቅ ከለበጡበት ግን ከቀይ ወዲያ ያለውን፣ ዓይን የማያየውን ብርሃን ይውጣል። ይህን ብርሃን ደምም ውሃም እምብዛም አያግዱትም። ይህን ብርሃን የሚልክ ሌዘር ወርቅ የሌለበትን ሥጋ ብዙም ሳያሞቅ ያልፋል፤ ወርቅ ያለበት ዕጢ ይግላል፣ ሴሎቹ ይሞታሉ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ደግሞም ወርቅ ኤክስሬይን አጥብቆ ስለሚያግድ በሲቲ ስካን ላይ ጎልቶ ይታያል። የሚያሳየውም የሚያክመውም ያው ቅንጣት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ከዚህ ሥራ ጋር ስማቸው ከሚነሳው አንዱ ሙስጠፋ ኤል-ሰይድ ናቸው፤ ግብፅ ተወልደው አሜሪካ፣ ጆርጂያ ቴክ ያስተማሩ ኬሚስት። ባለቤታቸውን የወሰደባቸው የጡት ካንሰር ነው። ልጃቸው የአንገትና የራስ ካንሰር ቀዶ ሐኪም ነው። አባትና ልጅ አብረው ሠሩ። የካንሰር ሴል ላይ የሚበዛ ፕሮቲን አለ፤ እሱን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ፣ ማለትም ዒላማውን ብቻ ፈልጎ የሚጣበቅ ሌላ ፕሮቲን፣ ከወርቁ ጋር አያያዙ። የካንሰር ሴሎቹ ማይክሮስኮፕ ስር አበሩ። ቀጥሎ በዘንጎቹና በሌዘር ገደሏቸው። እኚህ ሰው ላቦራቶሪ ሲገቡ የማንን ፊት ያዩ እንደነበር አስባለሁ። ሐዘን እንዲህ ሥራ ሲሆን ያስቀናኛል።

ነገሩ ሰው ላይም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት አለ፤ ፕሮስቴታቸው ላይ ካንሰር የተገኘባቸው 16 ወንዶች ወርቅ የተለበጡት ቅንጣቶች በደም ስር ተሰጧቸው፤ ከዚያ ዕጢው ያለበት ቦታ በሌዘር እንዲግል ተደረገ። ከዓመት በኋላ ሲመረመር፣ በአብዛኞቹ ላይ የታከመው ቦታ ንጹህ ነበር።

ግን የእነሱ ዕጢ አንድ ቦታ የተቀመጠ ነው። የእሷ ተበትኗል። ሌዘር የሚያክመው ያነጣጠሩበትን ቦታ ብቻ ነው፤ ብርሃኑም ጥልቅ ቦታ ላይ ይደክማል። ወርቁም ቢሆን በደም ስር ሲገባ ዕጢው ጋ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። አብዛኛውን ጉበትና ጣፊያ ይይዙታል፤ ቶሎም አይለቅም። የሷ ጉበት ደግሞ በኬሞው ደክሟል። እዚህ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ።

ነገ መደወሌ አይቀርም። እሷም «ምን እያነበብክ ነው?» ማለቷ አይቀርም፤ ሁሌም ትጠይቀኛለች። ለሷ የማይደርስ መድኃኒት እንዳለ እንዴት ብዬ ነው የምነግራት? ወይስ እሷንና በሽታውን ለይቶ የሚያይ ነገር አንድ ቦታ እየተሠራ መሆኑን ብትሰማ ደስ ይላት ይሆን?