ዚፑ ወደ ጀርባ የዞረ ጃኬት

በሞተር ሳይክል ክትባት ጭኜ መመላለስ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። የምነሳው ከሐዋሳ ነው፤ የምደርስበት እንደ ሳምንቱ ይለያያል። አንዳንዴ ይርጋለም፣ አንዳንዴ አለታ ወንዶ፣ አንዳንዴ ደግሞ ዳገቱን ይዤ ቀርከሃውና ጉሙ እስካለበት እስከ ሀገረ ሰላም። በዚህ ሁሉ ዓመት ዓይኔ አንድ ነገር ለምዷል፦ ከፊት ለፊቴ የሚመጣውን ሞተረኛ ገና ከሩቁ ከጫማው እስከ ሄልሜቱ መመዘን።

ሥራውን መገመት ቀላል ነው። ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ ብረት ያለው ያማሃ ኤጂ ሆኖ ታርጋው ኮድ 4 ከሆነ፣ ነጂው ወይ የግብርና ባለሙያ ነው ወይ እንደ እኔ የጤና ሰው። ኤጂ ሲጀመርም ለእርሻ ሥራ ተብሎ የተሠራ ሞተር ነው፤ ጭቃ እንዳይገባበት ካቴናው እንኳ ተሸፍኗል። ሞተሩ ቦክሰር ሆኖ መሪው ላይ የፕላስቲክ አበባ ከታሰረበት፣ ሰው አመላልሶ የሚያድር ልጅ ነው። የቆዳ ጃኬት፣ ጓንትና ረጅም ቦት ጫማ ካየሁ ደግሞ ለሽርሽር የወጣ የከተማ ሰው ነው እላለሁ። እስከዚህ ድረስ ብዙም አልሳሳትም።

የምሳሳተው ከዚያ በኋላ ነው። ሥራውን ገምቼ አላቆምም፤ ጠባዩንም እፈርዳለሁ። ይኼኛው ጠንቃቃ፣ ያኛው ግዴለሽ። ይኼኛው ለነፍሱ የሚያስብ፣ ያኛው እናቱን ሊያስለቅስ የወጣ።

ይህን የማደርገው ሰው ስለምንቅ አይደለም። ሞተር ከመያዜ በፊት አራት ዓመት ድንገተኛ ክፍል ሠርቻለሁ። አስፋልት ላይ የተጎተተ ባዶ እግር ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ኮረኮንቹን ከቁስሉ ውስጥ በመቆንጠጫ አንድ በአንድ ስለቅም ያነጋሁባቸው ሌሊቶች አሉ። ከኋላ የሚፈናጠጡ ሴቶች ባት ላይ ማርሚታው የሚያትመውን ጠባሳ የትም ባየው እለየዋለሁ። ጃኬትና ጓንት ለእኔ ሁለተኛ ቆዳ ናቸው። የሄልሜቱ ነገርማ አያከራክርም፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የብዙ አገር ጥናቶችን አሰባስቦ የወጣ አንድ ግምገማ ሄልሜት በአደጋ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ ጭንቅላት ላይ የመጎዳትን ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አስቀምጧል። ይህን ቁጥር ለሥልጠና ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት ቆጥሬ አልጨርሰውም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እውቀት በእጄ እያለ ነው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ሐምሌ ላይ፣ የሆነው የሆነው።

አለታ ወንዶ ስደርስ የሞተሬ የፍሪሲዮን ሽቦ ተበጠሰ። መካኒኩ እስከ ከሰዓት አይደርስም አለኝ። በትከሻዬ የኩፍኝ ክትባት የያዘ የቀዝቃዛ ሳጥን አንጠልጥያለሁ፤ ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል መቆየት አለበት፣ በረዶው ደግሞ ሰዓቱን ጠብቆ ይቀልጣል። ወደ ሀገረ ሰላም በሚወስደው መንገድ ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ እናቶች ከጠዋት ጀምሮ ልጆቻቸውን አዝለው እየጠበቁኝ ነው። ሞተረኞቹ ወደሚቆሙበት ሄድኩ። ሁለት ብቻ ነበሩ።

አንደኛው ሃምሳውን ያለፈ ሰው ነው። እግሩ ላይ ኮንጎ ጫማ፣ ዚፑ ወደ ጀርባው የዞረ አሮጌ ጃኬት፣ ራሱ ላይ ቀለሙ የጠፋ ሄልሜት። ከአገጩ ስር አንዳች ግራጫ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። «ሲስተር፣ ልውሰድሽ» አለኝ። ሁለተኛው ሃያ ሁለት ወይም ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ጥቁር የቆዳ ጃኬት፣ ጣቶቹ ላይ ጠንካራ ፕላስቲክ ያለው ጓንት፣ ፊት የሚያሳይ መስታወት የተገጠመለት አዲስ ሄልሜት። አንድ ቃል አልተናገረም፤ ሞተሩን ብቻ አስነሳ። ለሰውየው መልስ እንኳ ሳልሰጠው ከወጣቱ ኋላ ተፈናጠጥኩ። ልቤ አረፈ።

ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል ሄድን። መንገዱን በሙሉ የእኔን ሄልሜት አንድ ነገር ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ያደርገው ነበር። እንደ ፍጥነታችን አንዴ ይረግባል፣ አንዴ ይበረታል። የእሱ የአገጭ ማሰሪያ ነበር፤ ሳይቆለፍ ቀርቶ ንፋሱ ወደ ኋላ እየወነጨፈው፣ የዘለበቱ ጫፍ እኔን ይመታኛል። ሰምቼዋለሁ። የምን ድምፅ እንደሆነም አውቄ ነበር። ያ ሁሉ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ቁጥር ትዝ አላለኝም። ሄልሜቱ አዲስ ነበርና፣ ልጁም የሚያምር ጃኬት ለብሶ ነበርና፣ ዝም አልኩ።

አንድ መታጠፊያ ላይ የጭነት መኪናዎች ከእርሻ መንገድ ይዘውት የወጡት ቀይ ጭቃ አስፋልቱን አልብሶት ነበር። የፊት ጎማው ሸተት አለ። ፍጥነታችን ይህን ያህል አልነበረም። እኔ በጎኔ ሳጥኑን አቅፌ ወደቅሁ፤ እሱ ወደ ፊት ተወረወረ። ሄልሜቱ ከራሱ ሲወጣ አየሁት፤ ራሱ መሬት ከመንካቱ በፊት ወጥቷል። ተንከባሎ የውሃ መውረጃው ቦይ ዳር ሄዶ ቆመ። መስታወቱ አልተሰነጠቀም፤ ሰማዩ ይታይበት ነበር። የልጁ ቅንድብ ግን እስከ አጥንቱ ተከፍቶ፣ በሰዓቴ ሁለት ደቂቃ ያህል ራሱን አላወቀም።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላስረዝመውም። አንድ አይሱዙ ጭኖ መለሰን፤ ልጁ ሐኪም ቤት ገብቶ ዳነ። ክትባቱ በሳጥኑ ውስጥ ደህና ነበር፤ እናቶቹ ግን ያን ዕለት በከንቱ ተመለሱ። ልጁ ላይ የቀረው አንድ ነገር የማሽተት ስሜቱ ነው። ጭንቅላቱ የተመታ ሰው ላይ ይህ ይደርሳል። ደጁ ሁሉ ቡና በሆነበት አገር ተወልዶ ያደገ ልጅ አሁን ቡና ሲቆላ አይሸተውም።

በሳምንቱ ያንን ባለ ኮንጎ ጫማ ሰው ፍለጋ ተመለስኩ። አለማፈሬ ሳይሆን እንቅልፍ ማጣቴ ነው የወሰደኝ። ቦታው ላይ አገኘሁት፤ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ልጁ ነበር። ከዚያ ሄልሜቱን እንዲያሳየኝ ለመንኩት። «ምን ይታያል ብለሽ ነው ሲስተር?» እያለ ከራሱ አውልቆ ሰጠኝ።

ጨርቅ ያልኩት ጨርቅ አልነበረም። ከተበላሸ መኪና ላይ የተቆረጠ የደህንነት ቀበቶ ነበር። የፕላስቲኩ ዘለበት ሲሰበርበት ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስዶ፣ ቀበቶውን ሰም በተቀባ ክር በወስፌ አራት ጊዜ ደራርበው ሰፍተውታል። በአንዱ ወገን ሁለት የብረት ቀለበቶች አሉ፤ ከአሮጌ የሻንጣ ማንገቻ የወጡ። ማሰሪያው በሁለቱም ቀለበቶች ያልፍና ተመልሶ በአንዱ መሐል ይገባል፤ ሲጎተት ራሱን በራሱ ይነክሳል። በኋላ እንዳነበብኩት፣ በዓለም ላይ በሞተር ውድድር የሚሳተፉ ነጂዎች ሄልሜታቸውን የሚያስሩት በዚሁ ዓይነት ሁለት ቀለበት ነው። እሱ ይህን አልሰማም፤ የፈረስ ኮርቻ እንዴት እንደሚታሰር ነው የሚያውቀው።

ሞተሩንም ዞሬ አየሁት። ካቴናው ዘይት ጠጥቷል። የኋላ ጎማው ጥርሱ ገና አላለቀም። ስፖኪዮዎቹ ሁለቱም በቦታቸው አሉ። ያን ቀን ሁለቱ ሞተሮች ጎን ለጎን ቆመው ሳለ ከዚህ አንዱንም አላየሁም ነበር፤ ዓይኔ ኮንጎ ጫማው ላይ ቀርቷልና።

ጃኬቱንስ ለምን ወደ ጀርባ ይለብሳል? «ወደ ሀገረ ሰላም በማለዳ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። አውቃለሁ። «ብርዱ በየት ነው የሚገባው?» በዚፑ ነዋ። ዚፑን ወደ ኋላ ካዞሩት ደረት ላይ ንፋስ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ከስሩ ደግሞ የካርቶን ቁራጭ ያደርጋል። እኔ በዚያ መንገድ ላይ ስንት ክረምት ደረቴን ይዞኝ ስስል ከርሜአለሁ! በማግስቱ ሞከርኩት፤ እስከ ዛሬም ዳገቱን የምወጣው እንደዚያው ለብሼ ነው።

ሰውየውን ግን ቅዱስ አላደርገውም። የሄልሜቱ ውስጥ ፎም ደርቆ ተፈርፍሯል፤ ፎሙ ደግሞ ምቱን የሚውጠው እሱ ነው፣ አንዴ ከተጨፈለቀም ሁለተኛ አይሠራም። ይህንንም፣ ኮንጎ ጫማውንም ፊት ለፊት ነገርኩት። «ሲስተር፣ በአንድ ገንዘብ ጎማ ልግዛ ሄልሜት ልግዛ?» አለኝ። ጎማ ገዝቷል። የዝናብ መንገድ ላይ ሰው ጭኖ ለሚውል ሰው ይህ ስህተት ነው ለማለት አፌን አልከፈትኩም። የቆዳ ጃኬትንም አላጣጥልም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አፖስቶ አካባቢ አስፋልቱ ላይ ሰፊ ርቀት ተንሸራቶ፣ የጃኬቱ ክንድ ተበልቶ፣ እሱ ግን ያለ አንዲት ጭረት ወደ ቤቱ ገብቷል። ያ ጃኬት ባይኖር ኮረኮንች ስለቅምለት ባደርኩ።

ከአደጋው በኋላ ስለ ሄልሜት ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ያዝኩ። እ.ኤ.አ. በ1935 ቲ. ኢ. ሎውረንስ የተባለው ዝነኛ እንግሊዛዊ ወታደርና ጸሐፊ ብስክሌት የሚነዱ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት ሲል ከሞተሩ ወድቆ፣ ሄልሜት ስላልነበረው ከስድስት ቀን በኋላ ሞተ። ካዩት ሐኪሞች አንዱ ሂው ኬርንስ የሚባል የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበር። ኬርንስ ነገሩን አልተወውም፤ መልእክት የሚያመላልሱ የጦር ሠራዊት ሞተረኞችን አጥንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 ሄልሜት ምን ያህል ሕይወት እንደሚያድን አሳተመ። የሟቹን ዝና ትቼ የያዝኩት እነዚያን መልእክተኞች ነው፤ ጭቃ ለጭቃ የሚመላለሱ፣ እንደ እኛ ያሉ ሰዎች።

ስለ ቀለምም አነበብኩ። ነጭ ሄልሜት ያደረገና የመንገድ ሠራተኛ አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰ ሞተረኛ ሳይ፣ ገና ለማጅ ነው ብዬ አልፈው ነበር። በኒውዚላንድ ኦክላንድ ከተማ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ግን ነጭ ሄልሜት ያደረጉት ጥቁር ካደረጉት ይልቅ የመጎዳት ዕድላቸው በ24 በመቶ ያነሰ፣ አንጸባራቂ ልብስ የለበሱት ደግሞ ካልለበሱት በ37 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቷል። ጥቁሩን ሄልሜቴን ለውጬ ነጭ ገዛሁ። የወር ደመወዜን ግማሽ ወስዷል።

እኔስ በምን እመዘናለሁ? ፊት ሙሉ የሚሸፍን ሄልሜት አድርጌ መንደር ስገባ ልጆች «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ይከተሉኛል። ይህ ምንም አይደለም። አንድ ጊዜ ግን የጤና ኬላ በር ላይ ሄልሜቴን ሳላወልቅ፣ ፊቴን በሻርፕ እንደሸፈንኩ፣ የዘጠኝ ወር ልጇን እንድትሰጠኝ አንዲት እናት ፊት እጄን ዘረጋሁ። ሴትየዋ ልጇን ደረቷ ላይ ጨምቃ ወደ ኋላ ሸሸች። አልፈረድኩባትም፤ የሰው ፊት አላየችም። አሁን አጥሩ ጋ ሳልደርስ ሞተሬን አጥፍቼ፣ ሄልሜቴን አውልቄ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ ነው የምገባው።

አዲስ አበባ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜም ሞተር ይነዳል። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በሞተር ሳይክል የሚፈጸም ዝርፊያ ምክንያት ሆኖ ከተማዋ ልዩ ፈቃድ የሌላቸውን ሞተሮች ስታግድ፣ እሱ ለሥራው ፈቃድ ካገኙት አንዱ ነበር። «ቀይ መብራት ላይ ስቆም መኪና ውስጥ ያሉ ሰዎች ስልካቸውን ደብቀው መስኮት ይዘጋሉ» ብሎኛል። ጭንቅላቱን የሚያድንለት ሄልሜት ነው ሌባ የሚያስመስለው። ጥቂቶች ፊታቸውን ለመደበቅ የተጠቀሙበትን ዕቃ ሺህ ሰው በጥርጣሬ ይሸከመዋል። ወንድሜ የሄልሜቱን መስታወት ከፍቶ ፈገግ ማለት ጀምሯል፤ ይህ ደግሞ አቧራውን ሁሉ ወደ ዓይኑ ያስገባል። አንጀቴን የሚበላው ይህ ነው።

እኔ ዛሬም ሞተረኛ እመዝናለሁ፤ መመዘኔን አልተውኩም። ከመፈናጠጤ በፊት ጎማውን አያለሁ፣ ካቴናውን አያለሁ፣ ፍሬኑን አስይዛለሁ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ግን የአገጭ ማሰሪያውን። ሁለት ጣቴን ከአገጩ ስር አስገብቼ ነው የማየው፤ ከዚያ በላይ ከገባ አልሄድም። አለታ ወንዶ ያሉት ልጆች ለምደውኛል። ያ ጫማ ሰፊም እስካሁን ለእኔ ብቻ የሰባት ሄልሜት ማሰሪያ ሰፍቷል፤ የተበላሸ መኪና ባገኘ ቁጥር ቀበቶውን ቆርጦ ያስቀምጥልኛል።

ባለፈው መስከረም ያንን ወጣት አየሁት። ከመንገዱ ጠፍቶ ከርሞ ተመልሷል። የቆዳ ጃኬቱ ያው ነው፣ ጓንቱም ያው ነው፤ ሄልሜቱ ግን ነጭ ነው። ሳጥኔን በትከሻዬ አንጠልጥዬ ወደ እሱ ስራመድ ገና ከሩቅ አየኝ። ሞተሩን አላስነሳም። አጠገቡ ደርሼ ቃል ሳልናገር አገጩን ወደ ላይ ቀና አደረገልኝ።

ሁለቱ ጣቶቼ በግድ ገቡ።