«ቴርጋት እኮ እየሮጠ ነበር»

ሰኔ ሲመጣ የባንክ ሠራተኛ እንቅልፍ የለውም። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ነው። ተቀማጩ ይደመራል፣ ማን ስንት ደንበኛ እንዳመጣ በስም ተዘርዝሮ ይለጠፋል። በእኛ ቅርንጫፍ አንደኛ ለወጣ ሽልማት ነበረው። ሁላችንንም ያሯሯጠን ግን ሽልማቱ ሳይሆን «ለዕድገት ስትወዳደሩ ይታያል» መባሉ ነው።

በመጨረሻው ሳምንት እኔና አንድ ባልደረባዬ አንገት ለአንገት ተናንቀናል። እሱ አንድ የመርካቶ ነጋዴ ሲያግባባ ነው የከረመው። ሱቃቸው ድረስ እየሄደ ይቀመጣል፣ በበዓል ደውሎ እንኳን አደረሰዎ ይላል፣ ሌላ ባንክ የገጠማቸውን ችግር ሁሉ ያዳምጣል። ይህን ሥራ የሠራ ሰው ልፋቱን ያውቀዋል። በመጨረሻ ሰውየው «እሺ፣ እመጣለሁ» ብለው ቀን ቆረጡ። በዚያው ዕለት ጠዋት የባልደረባዬ አክስት አረፉ። ስልኩን ዘግቶ ለቅሶ ሄደ።

ሰውየው መጡ። ቀጥታ ወደ እኔ መስኮት።

«ያ ልጅ የታለ?»

«ለቅሶ ሄዷል ጋሼ። አክስቱ አርፈው ነው።»

«ውይ፣ ነፍስ ይማር። በይ እንግዲህ አንቺው ክፈቺልኝ። ነገ አይመቸኝም፣ ገንዘቡንም ይዤዋለሁ።»

ገንዘቡ በኬሻ ነው የመጣው። መቁጠሪያ ማሽኑ እስኪግል ቆጠርን። መታወቂያቸውን ተቀብዬ ቅጹን ሞላሁ። ከታች በኩል ደንበኛውን ያመጣው ሠራተኛ ስም የሚጻፍበት ክፍት ቦታ አለ። የእሱን ስም ጻፍኩ።

አመሻሽ ላይ ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«ይሄ ደንበኛ ማን ጋ ነው የመጣው?»

«እኔ ጋ።»

«ታዲያ ይሄ የማን ስም ነው?» በእስክሪብቶው ጫፍ ስሙን መታ መታ አደረገው።

ነገሩን አስረዳሁት። ሥራ አስኪያጃችን አትሌቲክስ ነፍሱ ነው። ኃይሌን ሳያነሳ ስብሰባ አይዘጋም። «ኃይሌ ሲድኒ ኦሊምፒክ ላይ ኬንያዊውን ቴርጋት በስንት እንደቀደመው ታውቂያለሽ?» አለኝ። «በ9 መቶኛ ሰከንድ! ቆሞ ቢጠብቀው ኖሮ ወርቁን ማን ይወስደው ነበር?»

«ቴርጋት እኮ እየሮጠ ነበር» አልኩት። «ይሄ ልጅ ለቅሶ ላይ ነው።»

ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ «አንቺ እዚህ የተቀጠርሽው ለማሸነፍ ነው» ብሎ ቅጹን መለሰልኝ። ሰኞ ስብሰባ ላይ ደግሞ ስሜን ሳይጠራ «ወርቃቸውን ለሰው የሚያድሉ አሉ» አለ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ያቺ ንግግር እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች።

ስለ ሲድኒ ያለው ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በ10 ሺህ ሜትር ሁለቱም ያላቸውን አሟጠው ሰጡ፣ ኃይሌ ቀደመ። አንዱ ለሌላው ብሎ ቢለግም ኖሮ ያ ውድድር ምን ውበት ይኖረው ነበር? ተፎካካሪህን የምታከብረው በሙሉ አቅምህ ስትገጥመው ነው። እኔም ሳምንቱን ሙሉ አልለገምኩም።

በእኔ ጉዳይ የሚመጣብኝ ግን ሌላ ሩጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ፣ ስፔን ውስጥ ናቫራ፣ ቡርላዳ በምትባል ከተማ የተካሄደ አገር አቋራጭ። ኬንያዊው አቤል ሙታይ እየመራ መጣ። በዚያው ዓመት በለንደን ኦሊምፒክ በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ነሐስ ያገኘው ማለት ነው። መጨረሻው ሊደርስ ጥቂት ሜትር ሲቀረው ያለቀ መስሎት ቆመ። ኢቫን ፈርናንዴዝ አናያ የተባለው ስፔናዊ ከኋላ ደረሰበት። ማለፍ ይችል ነበር፣ አላለፈም። ቋንቋ ስለማይግባቡ በእጁ እያመለከተው፣ ከኋላው ሆኖ እስከ መስመሩ ሸኘው። ሙታይ አንደኛ፣ አናያ ሁለተኛ ሆኑ።

የአናያ አሠልጣኝ ማርቲን ፊዝ ነበር፣ እ.ኤ.አ. የ1995 የዓለም የማራቶን ሻምፒዮን። የልጁን ሐቀኝነት አድንቆ፣ እሱ ራሱ ቢሆን ግን አጋጣሚውን ተጠቅሞ ያሸንፍ እንደነበር በግልጽ ተናግሯል። ስለዚህ ሥራ አስኪያጄ ብቻውን አይደለም። ፊዝ ትልቅ ሯጭ ነው፣ በዚህ ግን አልስማማም። ሙታይ በእግር ተበልጦ አይደለም የቆመው። የቆመን ሰው ማለፍ ማን እንደሚፈጥን አይናገርም። ባልደረባዬም በሥራ አልተበለጠም። ደንበኛውን ያመጣው እሱ ነው፣ እኔ መስኮቱ ላይ ተቀምጬ ነው የተገኘሁት።

ይህን ሳወራ ሰዎች ቶሎ ብለው ደራርቱን ያነሱልኛል። እ.ኤ.አ. በ2009 ኒው ዮርክ ማራቶን ላይ እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ስትቸገር «አይዞሽ፣ ነይ» እያለች ስታበረታታት፣ መጨረሻ ላይ ራሷ ደራርቱ አሸነፈች። እኔም ስሰማው ደስ ይለኛል። ግን የምንወደው በወርቅ ስላለቀ እንዳይሆን እፈራለሁ። አናያ ሁለተኛ ነው የወጣው። እኔም ሁለተኛ ወጣሁ፣ ሽልማቱን ልጁ ወሰደ። ከለቅሶ ሲመለስ ቅጹን አይቶ መስኮቴ ጋ መጥቶ ቆመ። «እግዚአብሔር ያጽናህ» አልኩት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። ለየትኛው እንደሆነ ሁለታችንም ገብቶናል።

በዓመቱ እኔ ወልጄ ቤት ሳለሁ፣ ብዙ የደከምኩባቸው አንዲት ደንበኛ መጥተው በሌላ ሠራተኛ ስም ተመዘገቡ። ደውሎ የነገረኝ ያው ባልደረባዬ ነው። ከእኔ በላይ ተናዶ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቶ ተከራከረልኝ፣ «የተቀበለው ሠራተኛ ነው የሚመዘገበው» ተብሎ ተመለሰ። ከፈቃድ ስመለስ ሁለታችን ፈርመን ለዋናው መሥሪያ ቤት ጻፍን። ሠራተኛ በሐዘን፣ በወሊድ ወይም በሕመም ፈቃድ ላይ ሲሆን ያ ክፍት ቦታ ደንበኛውን ባግባባው ሰው ስም እንዲሞላ ነው የጠየቅነው። መልሱን እየጠበቅን ነው።